ሁለት ጊዜ የዋኘሁ ቀን

ባለፈው ወር መታወቂያዬን ላሳድስ ቀበሌ ሄድኩ። ሰዓቱ ወደ ስድስት ተኩል ተጠግቷል፤ ድሬ ደግሞ በዚያ ሰዓት ሱቁም ቢሮውም ይዘጋል፣ ሰው ፀሐይ ሸሽቶ ቤቱ ይገባል። ጸሐፊዋ ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ ልትቆልፍ ዓይኗ ሰዓቱ ላይ ነው። «ወርያ፣ አዳራሽ ግባና ጠብቀኝ» አለችኝ፤ ወርያ በሶማሊኛ «አንተ» እንደማለት ነው። የልጄ እኩያ ናት። አዲስ አበቤ ቢሆን ይቀየማል፤ እኛ ግን አባታችንንም ሐኪማችንንም አንተ እያልን ያደግን ሰዎች ነን፤ ድሬ ውስጥ እርስዎ የሚልህ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ሊያጭበረብርህ ነው። አዳራሹ በር ላይ ስደርስ አንድ ሽታ ፊቴን መታኝ። የአዲስ ናይሎን መረብ ሽታ ነው። ሌላ ሰው ፕላስቲክ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ እኔ ግን የበሩን መቃን ይዤ ቆምኩ። ጥግ ላይ አረንጓዴ መረብ ተከምሯል። አጠገቡ ያ ሰውን ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈው ብርቱካናማ ጃኬት ከነላስቲኩ ተደርድሯል። ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ መንግሥት ሥራ የሌላቸውን ወጣቶች ዓሣ ማስገር አሠልጥኖ፣ ጀልባና መረብ ሰጥቶ፣ በማኅበር አደራጅቶ ወደ አንድ የግድብ ሐይቅ ሊልካቸው ነው።

አጠገቤ የቆመ ባጃጅ ነጂ ማስታወቂያውን ጮክ ብሎ አነበበና «አቦ፣ ከድሬ ዓሣ አስጋሪ! ደረቁ ደቻቱ ወንዝ ላይ አሸዋ ሊያሰግሩ ነው እንዴ?» ብሎ አዳራሹን ሁሉ አሳቀ። ሰውየው አዲስ ቀልድ ያመጣ መስሎታል። እኔ ያንን ቀልድ ከሠላሳ ምናምን ዓመት በፊት እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ እንደዚሁ ማስታወቂያ ፊት ቆሜ ቀልጄዋለሁ፤ የሳቀልኝም ጓደኛዬ ጀማል ነበር። መታወቂያውን ትቼ ወጣሁ። እስከ ቤቴ በእግሬ ነው የሄድኩት፤ በዚያ ፀሐይ። ሚስቴ ስታየኝ «ምነው፣ ጅን አየህ?» አለችኝ።

ያኔ ድሬ ባቡሯ ነበረች። ፉጨቱ ሲሰማ ከተማው ሁሉ ወደ ጣቢያ ይጎርፋል፤ ቀጫጭን ሴቶች ሰባት ቀሚስ ደራርበው፣ ወፋፍረው ከጂቡቲ ይወርዳሉ፤ ፈታሹም ያውቃል፣ እነሱም እንደሚያውቅ ያውቃሉ፣ ሁሉም ይሳሳቃል። የጂቡቲ ሸሚዝ አሥራ አምስት ብር ነበር፣ ሽርጥ ስምንት ብር። ጋሪ ከከዚራ እስከ መጋላ አሥር ሳንቲም። በስሙኒ አራት ብርቱካን ይሰጡህና አምስተኛውን «ምርቃት» ብለው ይጨምሩልሃል። ሲኒማ ቤት ገብተን የሕንድ ፊልም አይተን ስንወጣ ቋንቋውን ሳናውቅ ዘፈኑን ከነእስክስታው ይዘነው እንወጣለን፤ ጀማል ደግሞ የሴቷንም የወንዱንም ድምፅ እያቀያየረ ሲዘፍን ጋሪ ነጂዎች ፈረሱን አቁመው ያዳምጡት ነበር። ዛሬ ያ ሲኒማ ቤት የስልክ ቀፎ መሸጫ ሆኗል። በዚያ ሳልፍ አሁንም ጆሮዬን ቀና አደርጋለሁ፤ ሞኝነቴ አይለቀኝም።

እኔ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ፣ የከዚራ፤ ግርማ እባላለሁ። ጀማል የመጋላ ልጅ ነው። ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥን፣ ከዚያ ወዲያ አልተለያየንም። የፆም ፍቺ ሲሆን እሱ እኛ ቤት፣ ኢድ ሲሆን እኔ እነሱ ቤት ነኝ። እናቱ ዘይነብ ትባላለች፤ ሶማሊኛው እናትን «ሆዮ» ስለሚል እኔም ሆዮ ዘይነብ ነው የምላት። መጋላ መግቢያ ላይ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ ጎን፣ አንዲት ጥግ ነበረቻት፤ እዚያ ተቀምጣ ሳምቡሳ ትጠብስ ነበር፤ አንዱ በአሥር ሳንቲም፣ ሎሚውና በርበሬው በነፃ። ባሏን ውሃ ነው የወሰደባት። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ ግመል ይተኛበታል። ግን ተራራው ላይ ሲዘንብ እዚህ ሰማዩ ጥርት እንዳለ ጎርፉ ድንገት ይመጣል። ሰውየው ግመሉን እያሻገረ ነበር አሉ፤ ግመሉ ወጣ፣ እሱ ቀረ። ሆዮ ዘይነብ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀማልን ቁርዓን አስይዛ አስምላዋለች፤ ከጉልበቱ በላይ ውሃ ውስጥ እንዳይገባ። እኛ የብርቱካን እርሻው የመስኖ ገንዳ ውስጥ ከዘበኛ እየተደበቅን ስንዋኝ ጀማል ዛፍ ሥር ተቀምጦ ልብሳችንን ይጠብቅ ነበር፤ «ኑ፣ ዘበኛው መጣ!» ብሎ በባዶ ሜዳ ያስበረግገናል።

ታዲያ ያ ዘመን ወጣት ሆኖ መንገድ ላይ መታየት የሚያስፈራበት ዘመን ነበር። የጭነት መኪና መስቀለኛው ላይ ሲቆም ጉብል ሁሉ እንደ ጫጩት ይበተናል። የተያዘ ሁርሶ ጦር ማሠልጠኛ ይገባል፤ ከሁርሶ ወደ ጦር ሜዳ፤ ከጦር ሜዳ ደግሞ የሚመለሰው ሰው አልነበረም፣ ወሬ ነበር። በዚያ መሃል ነው ያ ማስታወቂያ የተለጠፈው። መንግሥት ወጣቶችን አሰብ ወስዶ ዓሣ ማስገር ሊያሠለጥን፣ በሞተር ጀልባ ሊያሰማራ ነው። ምግብና መኝታ በነፃ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሠልጣኝ የሆነ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይሰጠዋል፤ ያንን የያዘ ሰው መንገድ ላይ አይነካም። የዓሣ ፍቅር ማን አለው? ድሬ ውስጥ ዓሣ ማለት ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ነው። እኛ የፈለግነው ወረቀቱን ነው። ጀማልም ቀልዴን ስቆ ሲጨርስ «ግርምሽ፣ እንመዝገብ» አለኝ።

ለምርጫ የመጣው ሰውዬ የደጋ ሰው ነበር፣ ትልቅ ባርኔጣ ያደረገ። የእርሻው ገንዳ ጋ ሰበሰበንና «ዋና የማትችሉ እጃችሁን አውጡ» አለ። አንድም እጅ አልወጣ። ሰውየው እኛን አየ፣ ከዚያ ዞር ብሎ ያንን ሁሉ አሸዋና ቁልቋል አየና «ውሃ በሌለበት አገር ሁሉም ዋናተኛ!» አለ። እውነቱን ለመናገር ከመካከላችን ግማሹ ውሃ የሚያውቀው በጣሳ ነው። ዋና አልችልም ያለ ግን ስሙ ተሰርዞ ወደ ቀበሌ ይመለሳል፤ ከቀበሌ ደግሞ ወዴት እንደሚኬድ እናውቀዋለን። ሰውየው እያንዳንዳችሁ በስማችሁ ስትጠሩ ገንዳውን ተሻግራችሁ ትመለሳላችሁ አለ። ጀማል ክንዴን ያዘኝ። እጁ በዚያ ሙቀት ቀዝቅዟል። «አለቀልኝ» አለኝ። «ዝም በል፣ እኔ አለሁ» አልኩት።

እኔ አለሁ። ይህቺን ቃል ስንት ጊዜ እንደረገምኳት!

ስሜ ተጠራ፣ ዋኘሁ፣ ወጣሁ። በቀጥታ ወደ ብርቱካኑ ዛፍ ሄድኩ። ጀማል ነጭ መስመር ያላት ቀይ ቁምጣ ነበረችው፣ እናቱ የሰፋችለት፤ ሁሉም ሰው በእሷ ነው የሚያውቀው። ከዛፉ ጀርባ ተቀያየርን፤ እኔ ቀዩን አጠለቅኩ፣ እሱ የእኔን እርጥብ ለበሰና ፀጉሩን በውሃ አራሰ። «ጀማል!» ተባለ። ወጣሁና ዘለልኩ። ሰውየው ከገንዳው ዳር ራቅ ብሎ ነው የቆመው፣ ለካ እሱም ውሃ ይፈራል፤ አንገቱን ቀና ሲያደርግ የሚያየው ውሃ ውስጥ ያለች ጭንቅላትና አንዲት ቀይ ቁምጣ ነው። መጀመሪያ ስዋኝ ፈርቼ ነበር፤ ሁለተኛውን ግን የጓደኛዬ ነፍስ ናት ብዬ እንደ እብድ ዋኘሁ። ውጤት ሲነበብ እኔ «ጥሩ» ተባልኩ። ጀማል «በጣም ጥሩ»። ወላሂ፣ ያን ቀን እስከ መጋላ በሳቅ እየተንፈራፈርን ነው የሄድነው። «እኔ ካንተ እበልጣለሁ፣ በመንግሥት ወረቀት ተጽፏል!» እያለ ጀርባዬ ላይ ይዘላል።

ሆዮ ዘይነብን ሁለታችንም ዋሸናት። የዓሣ ፋብሪካ ነው፣ ቆርቆሮ ማሸግ ነው አልናት። እሷ ዘይት በሚንጣጣበት መጥበሻ ላይ ጎንበስ ብላ ሳምቡሳዎቹን ገለበጠች። ከዚያ ቀና አለችና እኔን እንጂ እሱን አላየችም። «ግርማ፣ ባሕር ያለበት አገር ነው አይደል?» «ነው ሆዮ፣ ግን ፋብሪካው ከባሕሩ ሩቅ ነው።» «ይሁን። አንተ ካለህ ይሁን። ልጄን ከውሃ አደራ።» አደራውን ተቀበልኩ፤ እጇንም ሳምኩ።

ከድሬ ስድስት ነበር ያለፍነው፤ አራቱ ወደ ሌላ ወደብ ተላኩ፣ አሰብ የደረስነው እኔና ጀማል ብቻ ነን። የአሰብ ሙቀት ድሬን ደጋ ያስመስላታል። ነፋሱ ራሱ ይፋጃል፤ ልብሳችን፣ ፀጉራችን፣ እንጀራችን ሁሉ ጨው ጨው ይላል። ማሠልጠኛው ውስጥ መረብ መጠገን፣ ሞተር መፍታት፣ ዓሣ ዘርግቶ ጨው ማልበስ አስተማሩን፤ እውነት ለመናገር ጥሩ አስተማሩን። ጀማል ደግሞ መረብ ላይ እጁ ወርቅ ሆነ፤ የተቀደደ መረብ ጭኑ ላይ ዘርግቶ የሕንዱን ዘፈን እየዘፈነ ሲሰፋ የትግራዩም የወሎውም ልጅ ከቦት ይቀመጥ ነበር። አመሻሽ ላይ ሰው ሲበታተን እኔ ዋና አስተምረዋለሁ፤ ሆዱን በመዳፌ ደግፌ ጥልቀት የሌለበት ቦታ አንሳፍፈዋለሁ። ልቅቅ ሳደርገው «አቦ አትልቀቀኝ!» ብሎ ይጮሃል። ትንሽ ትንሽ ለመደ። እግሩ አሸዋ የሚነካበት ድረስ ነው እንጂ ከዚያ አያልፍም።

አንድ ነገር ግን አላሰብንም ነበር። ወረቀቱ እኛን ተከትሎ መጥቷል። ጀልባ ሲደለደል ካፒቴን የምንለው አሠልጣኝ መዝገቡን ገልጦ «በጣም ጥሩ ዋናተኛ ማነው?» አለና ጀማልን ጠላቂ አደረገው። ጠላቂ ማለት መረቡ ታች ያለው የባሕር ድንጋይ ላይ ሲያዝ ዘሎ ገብቶ የሚያላቅቅ ነው። መረብ ሲያዝ በጉልበት ከሳብከው ይቀደዳል፤ የመንግሥት መረብ መቅደድ ደግሞ ያስጠይቃል። ሁለት ሦስት ጊዜ መረቡ ተያዘ፤ ካፒቴኑ «ጀማል!» ከማለቱ እኔ ቀድሜ ዘለልኩ። «ይሄ ልጅ ምን ያቅበጠብጠዋል?» ብሎ ሳቀብኝ። ጀማልም በዓይኑ ያመሰግነኛል። እንዲህ እያልን እናልፈዋለን ብለን ነው፤ ወጣትነት እንዲህ ነው፣ ነገ የሚባል ነገር የለውም።

ያን ቀን ረፋድ ላይ ነው፤ ባሕሩ ዝም ብሏል፣ እንደ ዘይት። እኔ በዋዜማው የዓሣ እሾህ መዳፌን ወግቶኝ እጄ አብጦ በጨርቅ ተጠቅልሏል። መረቡ ተያዘ። ካፒቴኑ እኔን ገና ስነሳ አየኝና «አንተ ቁስለኛ ነህ፣ ተቀመጥ። በጣም ጥሩው አለልኝ» አለ። ጀማል ወደ እኔ ዞረ። ይኸው እስካሁን ያ አስተያየቱ ዓይኔ ላይ አለ፤ ሚስት ሳገባም፣ ልጅ ስወልድም፣ አባቴን ስቀብርም ነበረ። መናገር የነበረብኝ አራት ቃል ነው፤ «ካፒቴን፣ ጀማል ዋና አይችልም።» አራት ቃል። በዚያው ሳምንት ግን ሁለት ልጆች በሐሰት የትምህርት ማስረጃ ገብተዋል ተብለው መኪና ላይ ተጭነው ወደ ግንባር ሲሄዱ አይተናል። ከተናገርኩ ሁለታችንም እንሄዳለን ብዬ አሰብኩ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ እኔም እሄዳለሁ ብዬ ነው ያሰብኩት። እንደተባልኩት ተቀመጥኩ። ጀማል ሸሚዙን አወለቀና አጥፎ ጭኔ ላይ አስቀመጠ። ቀይዋን ቁምጣ ነበር የለበሰው። «ሃዬ ግርምሽ» አለኝ፤ እሺ በቃ ማለቱ ነው፤ ፈገግም አለ። ከዚያ የመረቡን ገመድ ይዞ በእግሩ ዘሎ ገባ።

መረቡን አላቀቀው። ይሄን ሰው እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ፤ ገመዱ እጃችን ላይ ላላ ሲል ሁላችንም ተሰምቶናል፣ ካፒቴኑም «ጎበዝ!» ብሎ ጮኋል። ከዚያ አንዴ ከጀልባው ራቅ ብሎ ብቅ አለ። አልጮኸም። እጁን ብቻ አወጣ፣ ተመልሶ ገባ። እኔ ከነጨርቄ ዘለልኩ። ጠለቅኩ፣ ወጣሁ፣ ጠለቅኩ፤ ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ ታች ድረስ ያሳያል፣ ጀማልን ግን አላሳየኝም። ፀሐይ እስክትዘቀዝቅ ሌሎች ጀልባዎችም ተጨምረው ፈለጉ። መጨረሻ ላይ መረቡን እንሳብ ተባለ፣ ምናልባት እዚያ ውስጥ ይገኝ እንደሆነ። ስንስብ ከብዶን ነበር። ወጣ። ዓሣ ነው። ያን ያህል ዓሣ ከዚያ በፊት ይዘን አናውቅም፤ ጀልባው ሙሉ ይፍጨረጨር ነበር። ካፒቴኑ መዝገቡን ገልጦ እያየ «በጣም ጥሩ ተብሎ ተጽፎለታል እኮ፣ በጣም ጥሩ ነው የሚለው» እያለ ይደጋግም ነበር። እኔ እዚያም ዝም አልኩ። «የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ» ሲባል ድሮም እሰማ ነበር፤ ያን ቀን ነው ትርጉሙ የገባኝ።

ብዙ ሳይቆይ ዘመኑ ተገለባበጠ። ወታደሩም ሠልጣኙም መንገድ ላይ ሆነ፣ መዝገቡም ማኅተሙም የት እንደገባ እንጃ፤ ለጀማል ቤተሰብ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አልነበረም። እኔ እየተጓዝኩ፣ እየለመንኩ፣ የጀማልን ቦርሳ ከእኔው ጋር አንጠልጥዬ ድሬ ገባሁ። ሆዮ ዘይነብ ጥጓ ላይ ናት፣ ያው መጥበሻ፣ ያው ሎሚ። ከሩቅ ሁለት ቦርሳና አንድ ሰው አየች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ «የት አለ?» ብቻ አለችኝ። መንገድ ላይ የምናገረውን ስለማመድ ነበር የመጣሁት፤ እግዜር ያውቃል፣ እውነቱን ልነግራት ነበር። ዓይኗን ሳየው ግን «ተሻገረ» አልኩ። «የየመን ጀልባ ላይ ተሳፍሮ ተሻገረ፣ ደህና ነው።» እልል አለች። ከጦርነቱ አምልጧላ! ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን አቁመው ወጡ። የዚያን ቀን የጠበሰችውን ሳምቡሳ በሙሉ ለመንገደኛው በነፃ አደለችው፤ ለእኔ ትልቁን መርጣ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። በላሁት።

ከዚያ በኋላ ያለው ምን ይነገራል? ባቡር ጋራዥ ገባሁ፣ ባቡሩ እስኪቆም ሠራሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ የምታጠበው በባልዲ ነው፤ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ውሃ ውስጥ አልገባሁም። ሆዮ ዘይነብ በየሐሙሱ ማታ ለመንገደኛ ልጇ ዱዓ ታደርጋለች። ኢድ ሲመጣ አዲስ ሽርጥ ትገዛለታለች፤ ሳጥኑ ሞልቶ ሌላ ሳጥን ገዛች። አልጻፈም ስትል «ባሕር ማዶ ፖስታው ችግር ነው» እላታለሁ። ስልክ መጣ፤ «ቁጥራችንን አያውቅ» እላታለሁ። አንድ ሰሞን የመን ሲታመስ ስደተኞች በጂቡቲ አድርገው በድሬ ይመለሱ ነበር። ሆዮ ዘይነብ የጀማልን ፎቶ ይዛ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመች። ጉልበቷ ስለማይችል ፎቶውን ይዤ ከሰው ሰው የምዞረው እኔ ነበርኩ። «ይሄን ልጅ አይታችሁታል?» እያልኩ እኔው እጠይቃለሁ። አንድ ሰውዬ ፎቶውን አገላብጦ አይቶ «ይሄንን እዚያ የመን፣ ሁዴይዳ ያየሁት ይመስለኛል» አለኝ። አምላኬን! ለአፍታ አመንኩት። እሱስ ምናለበት፣ ያዘነላት መስሎት ነው፤ እኔም ያን ቀን ያዘንኩላት መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ ቀበሌ ያንን መረብ ባሸተትኩ በሦስተኛው ቀን በሬ ተንኳኳ። የሳዓዳ ልጅ ነው፣ የጀማል እህት ልጅ። ስሙም ጀማል ነው፤ በአጎቱ ነው የተሰየመው። እኔን «አብቲ» ነው የሚለኝ፣ የእናቴ ወንድም እንደማለት፤ ሙት አጎቱን ተክቼ። እጁ ላይ ወረቀት ይዟል። «አብቲ፣ ለዓሣው ሥልጠና ተመረጥኩ። አንዲት ፊርማ ብቻ ቀረችኝ።» ተቀብዬ አነበብኩ። ዋና እንደሚችል የሚመሰክር ሰው ስምና ፊርማ ይላል። «ሆዮ አያቴ እምቢ ብላ ነበር። በኋላ ምን አለች መሰለህ? ግርማ ከፈረመ ይሂድ አለች።»

«ዋና ትችላለህ?» አልኩት።

ሳቀ። የአጎቱን ሳቅ ነው የወረሰው። «አቦ አብቲ፣ የት ለምጄ? ጃኬት ይሰጡናል እኮ። ዝም ብለህ ፈርም፣ ማን ያያል?»

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። «ተነስ፣ አያትህ ጋ እንሂድ» አልኩት። በመንገዱ ሁሉ «ምነው? ምን አጠፋሁ?» እያለ ይከተለኛል። ሆዮ ዘይነብ ዙህር ሰግዳ ምንጣፏ ላይ እንደተቀመጠች ነው፣ መቁጠሪያዋ በእጇ። ሰማንያን አልፋለች፤ አሁን መጥበሻው የለም። ፊቷ መሬት ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ ገንዳውን፣ ቀይዋን ቁምጣ፣ ሁለት ጊዜ መዋኘቴን፣ አራቱን ቃል፣ መረቡን። አላለቀስኩም፤ የማልቀስ መብት ያለኝ አልመሰለኝም። ልጁ ግድግዳው ተደግፎ ያለቅስ ነበር። እሷ መቁጠሪያውን አላቆመችም።

«ወሩ ምን ነበር?» አለች ስጨርስ።

ነገርኳት።

«ግርማ፣ ሰው ሲሞት የሚሰገድለት ሶላት አለ። ሬሳው ባይገኝም ይሰገዳል። የሚበላለት ሰደቃ አለ። እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት መንገደኛ ነው ብዬ፣ አንተን አምኜ፣ መንገዱን አቅናለት እያልኩ ለመንኩለት። ለሞተ ሰው የሚባለውን አንዲት ቃል አላልኩለትም። ውሃ ልጄን አንዴ ወሰደብኝ፤ አንተ ግን ከዱዓዬ አውጥተህ ሜዳ ላይ ጣልክብኝ።» ድምፅዋ አልተነሳም። «አሁን ውጣልኝ» አለች። ወጣሁ።

በዚያው ጁምዓ መስጊድ አስሰገደችለት። እኔ ከአጥሩ ውጭ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ ቆሜ ነበር፤ ለምን እንዳወለቅኩት አላውቅም። ሰደቃው ላይ አልተጠራሁም፤ የሚጠራኝም አልነበረም። ሳጥን ሙሉ ሽርጦቹን ለድሃ አደለች ሲሉ ሰማሁ። ሁለት ሳምንት አለፈ። ቤቴ ተቀምጬ ሞቴን ብቻ ነበር የምጠብቀው፣ እውነቴን ነው። አንድ ከሰዓት ትንሹ ጀማል መጣ፣ ዓይኔን እያየ አይደለም። «ሆዮ ልካኝ ነው። ወረቀቱ አንተ ጋ ነው አይደል? ሳይዋኝ እንዳትፈርም፣ አንተ አስተምረው ብላሃለች» አለኝ።

የእርሻው ገንዳ ዛሬ የለም፣ ላዩ ላይ ፎቅ ቆሟል። ከዚራ ያለ አንድ ሆቴል መዋኛ ገንዳ ነው የምንሄደው፤ ማለዳ፣ ባለ ገንዘቦቹ ልጆች ሳይመጡ። የመጀመሪያው ቀን ውሃው ዳር የብረቱን መያዣ ይዤ ቆሜ ስቀር ዘበኛው የታመምኩ መስሎት ወንበር አመጣልኝ። ወንበሩን ግን የያዘችው ሆዮ ዘይነብ ናት። ዲራዋን ለብሳ፣ ነጠላዋን ተከናንባ በባጃጅ መጥታለች፤ እኔን ሰላም አላለችኝም። በፕላስቲኩ ወንበር ላይ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች። በየማለዳው ትመጣለች፣ አታናግረኝም፣ ተነስታ ትሄዳለች። እኔ ልጁን ሆዱን በመዳፌ ደግፌ፣ ልክ እንደ ያኔው፣ አንሳፍፈዋለሁ። እግሩን መታ መታ ያደርጋል፤ ከአጎቱ ይሻላል፣ ቶሎ ገብቶታል።

ትናንት ጥልቁ ጋ ወሰድኩት። «አብቲ፣ ልቀቀኝ፣ እችላለሁ» አለኝ። አልለቀቅኩትም። «ልቀቀኝ እኮ!» ይላል፣ እኔ ጣቶቼ እምቢ አሉ፤ ያኔ በዓሣ እሾህ ያበጠው እጄ ልጁን እንደጨበጠ ነው። ከዳር ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ። ሆዮ ዘይነብ ተነስታ ውሃው አፋፍ ላይ ቆማለች፣ ውሃው የጫማዋን ጫፍ ይነካል።

«ግርማ» አለችኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ስሜን ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነው። «ልቀቀው።»

ለቀቅኩት። ወደ እሷ ዋኘ።